በልጇ የ45 ቀን ክትባት እናትየዋም ስኳሯን ትመርመር

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚራ ሠፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ቡናዬን እየጠጣሁ ነው የማነበው። ሰሞኑን ስለ እናቶች ጤና ያወጣችሁትን ጽሑፍም እዚያው አነበብኩት። ብዙው ጥሩ ነበር። አንድ ቦታ ስደርስ ግን ቡናዬን አስቀመጥኩ። ነፍሰ ጡር ሴት ስኳር የሚይዛት ጣፋጭ ስለምታበዛ ነው ይላል። ከዚህ ሌላ ስለ ምክንያቱ ምንም አልተጻፈም። ይህ አባባል እናቴንም እኔንም ያስለቀሰ ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር 14 ዓመቴ ነው። የሆርሞን ትምህርት ላይ ስደርስ ቅደም ተከተሉን በቃሌ እወጣዋለሁ። ፒቱታሪ፣ ታይሮይድ፣ ቆሽት፣ አድሬናል፣ ከዚያ የዘር ዕጢዎች። እንግዴ ልጅን የማነሳው ስለ እርግዝና ሳስተምር ነው። እሱንም እንደ በር አድርጌ ነበር የማስተምረው። ምግብና ኦክስጅን ይገባበታል፣ ቆሻሻ ይወጣበታል፣ አለቀ። እንግዴ ልጅ ራሱ ትልቅ የሆርሞን ፋብሪካ እንደሆነ፣ የእናቲቱንም ሰውነት እንደሚያዝ ተማሪዎቼን በደንብ አስተምሬ አላውቅም። ለእኔም በደንብ የገባኝ በራሴ ላይ ሲደርስ ነው።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በ2009 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ ነው። የሚያዝያን የድሬ ሙቀት ለሚያውቅ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከክፍል ስወጣ ጉሮሮዬ ደርቆ ነው የምወጣው። ስፕሪስ እጠጣለሁ። ለስላሳ እጠጣለሁ። ቶሎ ቶሎ ሽንቴ ይመጣል። እርግዝናና ሙቀት ነው ብዬ ተውኩት። ክትትሌን አንድም ቀን አላጓደልኩም። የደም ግፊቴ ተለካ፣ ደም ማነስ ታየልኝ፣ ኤችአይቪ ተመረመርኩ። የደም ስኳሬን ያየ ግን አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

ልጁ 4 ኪሎ ከ600 ግራም ሆኖ ተወለደ። ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው ተያዘ። አዋላጇ ጉልበቶቼን ወደ ደረቴ አጥፋ፣ ሌላዋ ከሆዴ በታች እየተጫነች፣ እንደምንም አወጡት። ብዙም ሳይቆይ ልጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲለካ የደም ስኳሩ ወርዷል። ግሉኮስ ሰጡትና ተረፈልኝ።

ቤት ስገባ ሠፈሩ በደስታ አበደ። ጎረቤቶቼ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እየመጡ ልጁን ያቅፋሉ። «ማሻ አላህ! ጎረምሳ ነው እንዴ የወለድሽው?» ይሉኛል። እኔም ኮራሁ። ያ ክብደትና ያ መንቀጥቀጥ የአንድ ነገር ሁለት ምልክቶች መሆናቸውን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛዋን ሳረግዝ ለክትትል ሌላ ቦታ ሄድኩ። 2013 ዓ.ም. መጋቢት ነበር፣ 26ኛ ሳምንቴ ላይ ነኝ። ሲስተሯ መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «የፊተኛው ልጅሽ ሲወለድ ስንት ኪሎ ነበር?» ብላ ነው። ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና በማግስቱ ቁርስ ሳልበላ እንድመጣ አዘዘችኝ።

በማግስቱ በባዶ ሆዴ ደም ሰጠሁ። ከዚያ 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ በጥብጠው አጠጡኝ። ስኳሩ ከሁለት ጠርሙስ ለስላሳ ይበልጣል፣ ያንገሸግሻል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደም፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደገሙ። በባዶ ሆዴ 97፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 192፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 160 ሆነ። መለኪያው ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ለእርግዝና የተቀመጠው ወሰን 92፣ 180 እና 153 ነው። ከሦስቱ አንዱን መድረስ ብቻ ይበቃል። እኔ ሦስቱንም አልፌያለሁ።

ውጤቱን ያነበበልኝ ሌላ ባለሙያ ነበር። ወረቀቱን ሰጠኝና፣ «ሙሸበኩን ቀንሺ፣ አፍሽን ያዥ» አለኝ። ሰው ፊት ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩኝ። ባጃጅ ውስጥ እስከ ሳቢያን ድረስ አለቀስኩ። ሆዴን እየነካሁ ልጄን በአፌ የበደልኩ መሰለኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ ያቺው ሲስተር የክትትል ካርዴን ገልብጣ፣ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ሥዕል ሳለችልኝ። አንድ ክብ ለልጁ፣ አንድ ክብ ለእኔ፣ መሃል ላይ እንግዴ ልጁ። ከእንግዴ ልጁ ወደ እኔ የሚሄድ ቀስት አሰመረች። «ትእዛዙ የሚመጣው ከዚህ ነው» አለችኝ። ማታ የዩኒቨርሲቲ መጽሐፎቼን ከቁም ሣጥን አናት ላይ አወረድኩ።

ትእዛዙን የሚያደርሰው የእንግዴ ልጁ ሆርሞን ሂዩማን ፕላሴንታል ላክቶጅን ይባላል። ላክቶጅን ሲባል የሕፃናት የዱቄት ወተት ትዝ የሚለው ሰው ይኖራል፣ ግን አይገናኙም። ጆሲሞቪች እና ማክላረን የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ይህንን ስም ያወጡለት። በእንስሳት ላይ ሲሞክሩት ጡት ወተት እንዲያመነጭ የማድረግ ጠባይ ስላሳየ ነው። ፕሮቲን ነው፣ 191 አሚኖ አሲዶች አሉት። ከእድገት ሆርሞን ጋር እንደ ወንድማማች ይመሳሰላል። የእድገት ሆርሞንም አሚኖ አሲዶቹ 191 ናቸው፣ አብዛኞቹም አንድ ዓይነት ናቸው።

እኔን ያስደነገጠኝ ብዛቱ ነው። እርግዝናው ወደ መጨረሻው ሲጠጋ እንግዴ ልጅ ከዚህ ሆርሞን በቀን አንድ ግራም ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያመርታል። አንድ ግራም ትንሽ ይመስላል። የሻይ ማንኪያ ሩብ ስኳር ነው። ቆሽታችን በቀን የሚያመርተው ኢንሱሊን፣ ማለትም ስኳር ከደም ወደ ሴሎች እንዲገባ የሚያደርገው ሆርሞን፣ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊግራም ገደማ ነው። እንግዲህ አወዳድሩት። ግማሽ ኪሎ የሚያህል ሥጋ፣ ዘጠኝ ወር ብቻ የሚቆይ፣ ቆሽት ከሚያመርተው ኢንሱሊን በብዙ መቶ እጥፍ የሚበልጥ ሆርሞን በእናቲቱ ደም ውስጥ ያፈሳል። የሆርሞኑ መጠን ከእንግዴ ልጁ ጋር አብሮ ያድጋል። መንታ ላረገዘችማ ይበልጥ ከፍ ይላል።

የሚሠራውን በቀላሉ ልንገራችሁ። ፅንሱ በዋናነት የሚኖረው በግሉኮስ ነው። ግሉኮሱን የሚያገኘው ከእናቱ ደም ነው። የእናቲቱ ጡንቻና ስብ ግሉኮሱን እንደ ወትሮው እየወሰዱ ከጨረሱት ለልጁ ምን ይተርፋል? ስለዚህ ሆርሞኑ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ የተከማቸ ስቧ እንዲሟሟ ያደርጋል፣ እሷ በስብ ትተዳደር ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሰውነቷ ኢንሱሊንን እንደ በፊቱ እንዳይሰማ ያደርጋል። ኢንሱሊን በሩን ያንኳኳል፣ ሴሎቹ ቶሎ አይከፍቱም። ግሉኮሱ ደሟ ውስጥ ይቆይና ወደ ልጁ ያልፋል።

የእኛ አገር እናቶች ምግብ ሲያንስ የሚያደርጉትን ሳስብ ይህ ነገር አንጀቴን ይበላዋል። እናት ለልጇ ታጎርሳለች፣ እሷ ምጣድ ላይ የቀረውን ትበላለች። ይኸው ሥርዓት ልጁ ሳይወለድ በደሟ ውስጥ ጀምሯል።

ታዲያ ሁሉም እርጉዝ ስኳር ለምን አይይዛትም? ቆሽት ዝም ብሎ ስለማያይ ነው። ሥራውን ይጨምራል። በእርግዝና መጨረሻ ከወትሮው ሁለትና ሦስት እጥፍ ኢንሱሊን ያመነጫል። ቆሽት እንዲህ እንዲበረታ ከሚረዱት አንዱ ደግሞ ይኸው የእንግዴ ልጅ ሆርሞን ነው። በአንድ እጁ ጫናውን ያመጣል፣ በሌላ እጁ አቅም ይሰጣል። የአብዛኞቻችን ቆሽት ይችለዋል። የአንዳንዶቻችን አይችለውም። በዘር ስኳር ካለ፣ ዕድሜ ከገፋ፣ ክብደት ከበዛ፣ ፊት የወለድሽው ልጅ በጣም ትልቅ ከነበረ ላይችል ይችላል። የእኔ እናት ስኳር አለባት። የፊተኛው ልጄ 4 ኪሎ ከ600 ነበር። ሁለቱም ምልክቶች ከዓመታት በፊት እጄ ላይ ነበሩ።

አንድ ነገር ሳልል ባልፍ የባዮሎጂ መምህርነቴ ይወቅሰኛል። ጫናውን የሚያመጣው ይህ ሆርሞን ብቻ አይደለም። እንግዴ ልጅ የራሱ የሆነ የእድገት ሆርሞንም ያመርታል። ፕሮጄስትሮን አለ፣ ኮርቲሶል አለ። በጂን ጉድለት ምክንያት ላክቶጅኑ ጭራሽ ኖሯቸው የማያውቅ፣ ግን ጤነኛ ልጅ የወለዱ ጥቂት ሴቶችም በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ሰውነት አንድ ሥራ ለአንድ ሠራተኛ ብቻ አይሰጥም። ሁሉም የተሰማሩት ግን በአንድ አቅጣጫ ነው፣ አብዛኞቹም የሚመጡት ከእንግዴ ልጁ ነው።

ልጁ ለምን እንደሚገዝፍም ያኔ ገባኝ። የእናት ግሉኮስ በእንግዴ ልጅ በኩል ያልፋል። የእናት ኢንሱሊን ግን አያልፍም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የፅንሱ ቆሽት ለትርፉ ስኳር የራሱን ኢንሱሊን ያመነጫል፣ ልጁም ይወፍራል። ፔደርሰን የተባለ የዴንማርክ ሐኪም ነው ይህን በግልጽ ያስቀመጠው። ልጁ ተወልዶ እትብቱ ሲቆረጥ የስኳሩ ምንጭ ባንዴ ይዘጋል። ኢንሱሊኑ ግን ገና አለ። የልጁ ስኳር ያሽቆለቁላል። የእኔ ልጅ የተንቀጠቀጠው ለዚህ ነበር።

ያ ጊዜ ዓቢይ ጾም ነበር። የነፍስ አባቴ እርጉዝ ነሽና አትጹሚ ብለውኛል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ አብራኝ የምታስተምር እርጉዝ ጓደኛዬ ጾሙን ለሌላ ጊዜ አቆየችው፣ በኋላ ትከፍለዋለች። ሁለታችንም ሲፈቀድልን ትንሽ ከፍቶን ነበር። በኋላ ሳነብ ነው ምክንያቱ የገባኝ። ኖርበርት ፍሬንከል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ይህንን «የተፋጠነ ረሃብ» ብሎ ጠርቶታል። እርጉዝ ሴት ሳትበላ ስትቆይ ስኳሯ ከሌላው ሰው ቀድሞ ይወርዳል፣ ሰውነቷም ስብ ማቃጠል ቶሎ ይጀምራል። ከበላች በኋላ ደግሞ ስኳሯ ከሌላው ይበልጥ ይወጣል። ጠዋት ቁርስ ሳልበላ ክፍል ስገባ ሰሌዳው የሚዞርብኝ ለካ በዚህ ነው።

ጣፋጭ ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም። ስኳሩ ከተገኘ በኋላ ምግብ ዋናው ሕክምና ነው። ስፕሪሱን ተውኩ። እንጀራዬን ቀነስኩ፣ ምስሩንና ጎመኑን ጨመርኩ። ባንዴ ጠግቤ መብላት ትቼ ከፋፍዬ መብላት ጀመርኩ። ፀሐይዋ ስትበርድ፣ 12 ሰዓት ላይ፣ ከባለቤቴ ጋር ከዚራ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እንራመድ ነበር። ለእኔ ይኸው በቃ። ያልበቃት ሴት ኢንሱሊን ትወጋለች። ኢንሱሊን ከታዘዘላት የባሰ ጥፋት ስለሠራች አይደለም፣ ቆሽቷ እርዳታ ስለፈለገ ነው።

እናቴ ሐረር ሸዋ በር አጠገብ ነው የምትኖረው። ታናሽ ወንድሜን በ1983 ዓ.ም. ስትወልድ ሁለት ቀን አምጣለች። በጣም ትልቅ ልጅ ነበር ይባላል፣ የመዘነው ግን የለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስኳር አለብሽ ተባለች። ዘመድ ጎረቤቱ፣ «ሙሸበክ ስትወጂ፣ ሻይሽን ስታጣፍጪ» አላት። እሷም አመነች። ስንት ዓመት ሙሉ በሽታዋን እንደ ነውር ደብቃ፣ መድኃኒቷን ትራስ ሥር አድርጋ ኖረች። አንድ እሑድ ደንገጎን ወጥቼ ሄድኩና በዚያው የክትትል ካርድ ሥዕል አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ፣ «እንዲያ ከሆነ እኔ አይደለሁማ ያመጣሁት?» አለችኝ። ያኔ ስላልተለካሽ እርግጡን መናገር አልችልም፣ ግን በልቼ አመጣሁት ብለሽ አትሸማቀቂ አልኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ሴት ልጄን በ2013 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ወለድኩ። 3 ኪሎ ከ300። ትከሻዋም አልተያዘ፣ አልተንቀጠቀጠችም። እንግዴ ልጁ ሲወጣ አሳዩኝ ብዬ ለመንኩ። አዋላጇ ገረማት። ሣህን ላይ አድርጋ አሳየችኝ። አንድ ትልቅ ጥቁር ቀይ ነገር። ያን ሁሉ ያዘዘኝ እሱ ነው። ይህ ሆርሞን ደም ውስጥ ግማሹ ለመጥፋት የሚፈጅበት ጊዜ በደቂቃ ነው የሚቆጠረው። እንግዴ ልጁ ከወጣ በሰዓታት ውስጥ የእናቲቱ ደም ከሆርሞኑ ይጠራል። በማግስቱ ጠዋት ጣቴን ሲወጉኝ 86 ሆነ። ከአንድ ቀን በፊት የነበረው በሽታ እንግዴ ልጁን ተከትሎ ሄደ። ጥፋቱ የአፌ ቢሆን ኖሮ የአራስ ገንፎ በቅቤ በበላሁ ማግስት ይጠፋ ነበር?

«አለቀ፣ ዳንሽ» አሉኝ። እኔም አመንኩ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም በዋናነት ለዚህ ነው።

የእርግዝና ስኳር ሲጠፋ ታሪኩ አያልቅም። ዘጠኙ ወር የቆሽትን አቅም ፈትኗል። በእርግዝናዋ ስኳር የታየባት ሴት፣ ካልታየባት ይልቅ ወደፊት ቋሚ ስኳር የመያዝ ዕድሏ ቢያንስ በ7 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ከወለደች ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ያንኑ የሁለት ሰዓት ምርመራ መድገም አለባት፣ ከዚያም በየአንድ እስከ ሦስት ዓመቱ መታየት አለባት። ይህን ማንም አልነገረኝም። አራስ ነኝ፣ እንቅልፍ የለኝም፣ የአራት ዓመት ልጅ አለኝ፣ ክርስትናው በ80 ቀኗ ነው። ራሴን የት አስታውሳለሁ? በ2016 ዓ.ም. ለሌላ ነገር ስመረመር በባዶ ሆዴ 118 ሆኖ ተገኘ። በሽታ አይባልም፣ ጤነኛም አይባልም። መንገድ ላይ ነኝ። ሦስት ዓመት ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ሦስት ዓመት እራመድ ነበር።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። ድሬዳዋም ሐረርም ያለች እናት የራሷን ቀጠሮ ትረሳለች፣ የልጇን የ45 ቀን ክትባት ግን አትረሳም። ጃንጥላ ይዛ፣ ልጇን በሻሽ ሸፍና፣ በዚያ ፀሐይ ትሄዳለች። ያ ቀን ልክ ከወለደች ስድስት ሳምንት ያልፋታል። ምርመራው የሚጀመርበት ጊዜ ነው። በእርግዝናዋ ስኳር የታየባት እናት በልጇ የክትባት ካርድ ላይ አንድ ምልክት ይደረግላት። ለ45 ቀኑ ስትመጣ ቁርስ ሳትበላ እንድትመጣ ቀድሞ ይነገራት። ልጇ ክትባቱን ሲወስድ እሷም ግሉኮሱን ትጠጣ፣ ሁለት ሰዓቱን እያጠባች ትጠብቅ። እንደ እሷ የሚጠብቁ ሌሎች እናቶችም አይጠፉም። ያን ቀን ካልተመቻት በ10 ሳምንቱ ክትባት ይሁን፣ እሱም ከጊዜው አያልፍም። አዲስ ሕንፃ አያስፈልገውም። አዲስ ቀጠሮም አያስፈልገውም።

በእርግዝናዋ የስኳር ምርመራው ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ጊዜ ለእያንዳንዷ ሴት ቢደረግ ደግሞ እኔ በመጀመሪያው የደረሰብኝ አይደርስባትም። ጊዜው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ሆርሞኑ ሽቅብ እየወጣ ነው፣ ሰውነት ለኢንሱሊን አለመታዘዙም ይጀምራል፣ ግን ገና ለመታከም ሳምንታት አሉ። በክትትል ላይ ያላችሁ እህቶቼ፣ ካልነገሯችሁ ራሳችሁ ጠይቁ። «ስኳሬ መቼ ነው የሚታየው?» በሉ። ፊት የወለዳችሁት ልጅ ስንት ኪሎ እንደነበርም ሳትጠየቁ ተናገሩ።

እናንተን ደግሞ፣ ክቡር አዘጋጅ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር እንድታርሟት እለምናለሁ። እናቴ ጋዜጣችሁን ታነባለች። የሐረሩ ሱቅ ሰኞ ነው የሚደርሰው፣ እሷም መነጽሯን አድርጋ ከፊት ገጽ እስከ ኋላ ገጽ ነው የምታነበው።

እኔ ያንን ምርመራ ለመድገም ለመጪው ማክሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ። የማክሰኞ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዬንም ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀያይሬያለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የባዮሎጂ መምህርት፣ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ
(ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይታወቃል)